ሂፕ ሆፕ የአገር ቤት ስንኝ ሲያገኝ

በ2002 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጊዲ ጊዲ እና ማጂ ማጂ በሚል ስም የሚታወቁ ሁለት የኬንያ ራፐሮች «አንብዎጋብል» የተሰኘ ዘፈን አወጡ። ቃሉ በየትኛውም መዝገበ ቃላት አልነበረም። መካከሉ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ከሚነገረው የሉዎ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ማስፈራራት» የሚል ትርጉም አለው። ከፊቱም ከኋላውም የተቀጠሉት ግን የእንግሊዝኛ ምዕላዶች ናቸው። አንድ ላይ ሲነበብ «የማይፈራ፣ የማይደነግጥ» ማለት ይሆናል። በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ ተቃዋሚዎች ቃሉን መፈክራቸው አደረጉት፤ ከ1963 ጀምሮ ኬንያን ሲገዛ የኖረው ካኑ የተባለው ፓርቲም ከሥልጣን ወረደ። ምርጫውን ዘፈኑ አሸነፈው ማለቴ አይደለም። ሆኖም ሉዎ የማያውቀው የኪኩዩ ብሔረሰብ ሰውም ሆነ እንግሊዝኛ ያልተማረው ነጋዴ ቃሉን ተቀብሎ የራሱ ማድረጉ፣ ሂፕ ሆፕ ከአፍሪካ ባህሎች ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ በአንድ ቃል ያሳያል።

ስለዚህ ውሕደት ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ መሣሪያ ነው። ከኮምፒውተር በወጣ ምት ላይ ማሲንቆ ወይም ክራር ጣል ይደረግበታል፣ በቪዲዮው ላይ የባህል ልብስ ይታያል፣ ከዚያም «ባህላዊ ሂፕ ሆፕ» ይባላል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ውሕደቱ ያለው ከዚህ ጠለቅ ብሎ ነው። ሂፕ ሆፕ ከሌሎች የሙዚቃ ዓይነቶች የሚለየው ዋነኛ ዕቃው ቃል በመሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ አገር ሲገባ በመጀመሪያ የሚገናኘው ከዚያ አገር የንግግር ጥበብ፣ ማለትም ከግጥሙ፣ ከምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ ከፉከራውና ከስድቡ ጋር ነው። ሥር የሰደደውም ይህ ግንኙነት በተሳካበት ቦታ ነው።

መነሻው ይታወቃል። በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ ነሐሴ 11 ቀን 1973 በሸክላ ማጫወቻዎች ሙዚቃ ያጫወተበት ጭፈራ እንደ ልደት ቀን ይቆጠራል። ባህሉ የሚቆመው በአራት ነገሮች ላይ ነው፤ እነሱም ሸክላ የሚያዞረው ዲጄ፣ በማይክሮፎን የሚናገረው ኤምሲ፣ ብሬክ ዳንስ እና በግድግዳ ላይ የሚሣለው ግራፊቲ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ አራቱም ደርሰዋል፤ ጠልቆ የገባው ግን የኤምሲው ድርሻ፣ ማለትም ራፕ ነው።

በ1980ዎቹ ካሴቱና የቪዲዮ ክሩ ወደ ዳካር፣ ወደ አክራ እና ወደ ዳሬ ሰላም የደረሰው ብዙውን ጊዜ ውጭ ደርሰው በሚመለሱ ሰዎች እጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ራፐሮችም የሰሙትን እንዳለ ደገሙት፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ነበር፣ የሚናገሩትም ስላልኖሩበት ከተማ ነበር። ታዳሚው ያጨበጭብ ነበር፤ ግን የሚያጨበጭበው ለቃሉ ሳይሆን ለድምፁና ለአለባበሱ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ፣ ወጣቶቹ ወደ አፍ መፍቻቸው ሲመለሱ ነው።

ታንዛኒያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በጁሊየስ ኔሬሬ ዘመን ስዋሂሊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሆኖ ስለነበር፣ አንድ ራፐር በስዋሂሊ ሲናገር ከሞላ ጎደል አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። ከዚህም በላይ ስዋሂሊ ብርቱ የግጥም ሕግ ያለው ቋንቋ ነው። «ሻይሪ» የሚባለው የቆየ የግጥም ዓይነት በአንድ ስንኝ 16 ቀለም (በአፍ አንድ ጊዜ የሚወጣ የድምፅ ክፍል) ይቆጥራል፤ ስንኙ ስምንት በስምንት ለሁለት ይከፈላል፤ ቤት የሚመታውም መጨረሻው ብቻ ሳይሆን መካከሉም ጭምር ነው። ገጣሚዎች በጋዜጣ ላይ እየተጠያየቁና እየተመላለሱ በግጥም የመሟገት ልማድም ነበራቸው። ስለዚህ ሁለት ራፐሮች ፊት ለፊት ቆመው በቃል ሲፋለሙ ያየ የዳሬ ሰላም ሽማግሌ እንግዳ ነገር አየ ማለት አይቻልም፤ የተለወጠው ጋዜጣው በመድረክ መተካቱ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የግል የሬዲዮ ጣቢያዎች ሲከፈቱ ይህ ሙዚቃ «ቦንጎ ፍሌቫ» የሚል ስም ይዞ ተስፋፋ። «ቦንጎ» አንጎል ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የዳሬ ሰላም ቅጽል ስምም ነው፤ በዚያች ከተማ ያለ አንጎል አይኖርም ለማለት ነው። ፕሮፌሰር ጄይ በ2001 ባወጣው «ንዲዮ ምዜ» (አዎ፣ አባት እንደ ማለት ነው) በተሰኘው ሥራው፣ ለምርጫ ቅስቀሳ የወጣ ፖለቲከኛ ሆኖ የማይሆን ተስፋ ሲደረድር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አዎ» እያለ ይመልስለታል። ቅርጹ በቀጥታ ከአደባባይ ስብሰባ የተወሰደ ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ብዙው ይቀበላል፤ ቀልዱም ምሬቱም ያለው በዚያ ቅብብል ውስጥ ነው። ራፐሩ ራሱ በ2015 የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከእርሱ በፊት ደግሞ «ሱጉ» በሚል ስም የሚታወቀው ጆሴፍ ምቢሊኒ በ2010 የምቤያ ከተማ ተወካይ ሆኗል።

ጉዳዩ ከሁሉም ይልቅ የበለጸገው ሴኔጋል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በወሎፍ ማኅበረሰብ ውስጥ «ገወል» የሚባሉ፣ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሙያ የሚኖሩ የቃል ባለሙያዎች አሉ። የትውልድ ሐረግ ይቆጥራሉ፣ ያወድሳሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ይዘፍናሉ። ከእነርሱ ጥበቦች አንዱ «ታሱ» ይባላል። ሴቶቹ በሠርግ ወይም የሕፃን ስም በሚወጣበት ቀን ክብ ሠርተው ይቆማሉ። በአንድ እጅና በአንድ ዱላ የሚመታው ሳባር የተባለው ከበሮ ይጀምራል። አንዲት ሴት ወደ መካከል ትወጣና ሳትዘፍን፣ በንግግር ድምፅ፣ ቃሉን ከከበሮው ምት ጋር እያጋጠመች በፍጥነት ታዥጎደጉደዋለች። ራሷን ታወድሳለች፣ ሙሽራዋን ትመክራለች፣ የባልን ዘመድ በአሽሙር ትወጋለች፣ አንዳንዴም ነውር የሚባለውን ታነሣለች፤ ክቡም ይቀበላታል። አቢ ንጋና ዲዮፕ የተባለችው ዝነኛ የታሱ ባለሙያ በ1994 «ሊታል» የተሰኘውን ካሴት ስታወጣ፣ ይህን ጥበብ ከሳባርና ከኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ጋር አዋሕዳ ነበር። ካሴቱን ራፕ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ማንነቱን ሳይነግሩ ቢያሰሙት፣ ራፕ ነው ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም።

በዚያው ጊዜ ዲዲዬ አዋዲ እና ዳጊ ቲ በ1989 የመሠረቱት ፖዚቲቭ ብላክ ሶል የተባለው ቡድን ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በወሎፍ መናገር ጀምሮ ነበር። በ1994 ያወጡት ካሴት «ቡል ፋሌ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ቸል በለው፣ አትጨነቅበት» ነው፤ የዚያ ዘመን ወጣቶችም በዚሁ ስም ይጠሩ ጀመር። ዳራ ጄ የተባለው ሌላ የዳካር ቡድን ደግሞ በ2003 «ቡሜራንግ» የሚል አልበም አወጣ። በእነርሱ አባባል ራፕ አፍሪካ ውስጥ ተወልዶ፣ ከባሪያ ንግድ ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካ አድጎ፣ እንደ ተወርውሮ ተመላሽ ዱላ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ይህ አባባል ልብ ይነካል፤ ግማሹም እውነት ነው። እኔ ግን እንዳለ አልቀበለውም። ከገወል እስከ ብሮንክስ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በመካከሉ የጥቁር አሜሪካውያን ስብከት፣ የሠፈር ልጆች የስድብ ጨዋታ፣ የጃማይካ ዲጄዎች በሙዚቃ ላይ የመናገር ልማድ፣ እንዲሁም የኒው ዮርክ ድህነት ራሱ አለ። ከዚያም በላይ ሴኔጋላውያን ራፐሮች ብዙዎቹ ገወል ተብለው መጠራትን አይወዱም። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ ገወል የሚያወድሰው የሚከፍለውን ሰው ነው፣ ቤቱም ታዛውም ከባለ ጠጋው ጋር የተያያዘ ነው። ራፐሩ ግን ማንንም ላለማወደስ የወጣ ነኝ ይላል። ስለዚህ የታሱን ምት፣ የገወልን የቃል ብርታትና የአደባባይ ሥልጣኑን ወርሶ፣ ከውርሱ ውስጥ የምስጋና ዋጋ መቀበልን አውጥቶ ይጥለዋል። ባህል ከባህል ጋር ሲዋሐድ መጣላትም አለ፤ ይህን ያላየ ማብራሪያ ነገሩን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው።

የዚህ ጠብ ፍሬ በጥር 2011 ታየ። ከካኦላክ ከተማ የመጡት ኩር ጊ የተባለው ቡድን ራፐሮች ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው፣ በየቀኑ መብራት በሚጠፋባት ዳካር «ያናማር» (በቃን፣ መሮናል) የተባለውን ንቅናቄ መሠረቱ። ወጣቶችን ለምርጫ እንዲመዘገቡ ቀሰቀሱ፤ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ሲወዳደሩም ተቃወሙ፤ ዋድ በመጋቢት 2012 ተሸነፉ። በ2013 ደግሞ ዙማን እና ኬይቲ የተባሉ ሁለት ነባር ራፐሮች የቴሌቪዥን ዜናን በራፕ ማቅረብ ጀመሩ። ዙማን በፈረንሳይኛ፣ ኬይቲ በወሎፍ፣ እንደ ዜና አንባቢ ሱፍ ለብሰው የሳምንቱን ወሬ ቤት እያስመቱ ይናገሩ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚሰማው አንዱን፣ የማይሰማው ሌላውን ይከታተል ነበር። ገወል በጥንቱ ዘመን የንጉሥን ቃል ለሕዝብ ያሰማ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ይህ ዜና ያ ሥራ በሌላ መልክ ሲሠራ ማለት ነው።

ጋና ውስጥ ውሕደቱ «ሂፕላይፍ» የሚል ስም አለው፤ ሂፕ ሆፕ እና የአገሩ ነባር ዘመናዊ ሙዚቃ የሆነው ሃይላይፍ ተዳምረው ነው። እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ሬጂ ሮክስቶን በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አክራ ተመልሶ በትዊ ቋንቋ ራፕ ማድረጉ በሩን ከፈተ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የስሞቹ ነገር ነው። አንደኛው ራፐር ኦብራፎር ይባላል፤ ቃሉ ትዊ በሚናገሩት የአካን ሕዝቦች ቤተ መንግሥት የሞት ፍርድ አስፈጻሚውን ያመለክታል። ሌላው ኦቺያሜ ክዋሜ ነው፤ ኦቺያሜ ማለት በአለቃና በሕዝብ መካከል ቆሞ የሁለቱንም ቃል አሳምሮ የሚያደርስ አፈ ንጉሥ ነው። እነዚህ ልጆች ስም ሲያወጡ ወደ ኒው ዮርክ ሳይሆን ወደ አያቶቻቸው አደባባይ ተመለከቱ፤ ግጥማቸውም በምሳሌያዊ አነጋገር የታጨቀ ሆነ። በ2020 አካባቢ ከኩማሲ የወጣው «አሳካ» የተባለው አዲስ ስልት እንኳ ስሙን ያገኘው «ካሳ» (ተናገር) የሚለውን የትዊ ቃል በመገልበጥ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ አማርኛ ከዚህ ሁሉ የት አለ? እዚህ ላይ አንባቢ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ቢያሳርፍ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ በአራት ምት ይቆጠራል። በዝግታ እኩል እኩል አራት ጊዜ ጠረጴዛውን ይምቱና በላዩ ላይ የቡሄ ልጆች የሚሉትን ይበሉ፤

እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣
አጋፋሪ ይደግሳል።

እያንዳንዱ ስንኝ በንግግር ስምንት ቀለም አለው፣ አራት በአራት ይከፈላል፤ «እዚያ ማዶ» አራት፣ «ጭስ ይጨሳል» አራት። በአንድ ምት ሁለት ሁለት ቀለም ተቀምጦ በአራተኛው ምት ልክ ይዘጋል። የሥነ ግጥም ምሁሮቻችን ይህን ምጣኔ «ቡሄ በሉ» ይሉታል። ልጆቹ መሪና ተቀባይ ሆነው «ሆ!» የሚሉበት ቦታም የታወቀ ነው። አንድ ራፐር ከዚህ የተሻለ የተዘጋጀ መሠረት ከየት ያመጣል?

የበለጠ የሚያስደንቀው «የወል ቤት» የሚባለው ነው። ይህ ምጣኔ ስድስት በስድስት፣ በጠቅላላው 12 ቀለም ነው። ለምሳሌ እንዲሆን ይህን ገጥሜዋለሁ፤

ከተማው ቢጨልም፣ መንገዱ ቢረዝም፣
እናቴ በር ላይ ናት፣ መብራቷም አይፈዝም።

12 ቀለም ለአራት ምት ሲካፈል ሦስት ሦስት ይደርሳል። በእነዚያው አራት ምቶች ላይ ሦስት ሦስት ቀለም እየጣሉ ቢያነቡት ንግግሩ ወዲያው መጋለብ ይጀምራል። ይህ ሦስት ሦስት አከፋፈል ደግሞ የችክችካ ምታችን አካሄድ ነው። ብዙ ጊዜ «የአገራችን ምት ለሂፕ ሆፕ አይመችም፣ ችክችካ በሦስት ይሄዳል፣ ሂፕ ሆፕ በአራት» ሲባል እሰማለሁ። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ከበሮውን እንዳለ ብትጭኑበት ይጋጫሉ፤ ነገር ግን ማስታረቂያው ከስንኙ ውስጥ አለ፤ አራቱ ምት ለከበሮው፣ ሦስት ሦስቱ ቀለም ለአፍ ይሆናል። አምስት በአምስት የሚሄደው «ሰንጎ መገን» ግን በአራት ምት እኩል አይካፈልም፤ አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ መያዝ ያስፈልገዋል፣ ትንፋሹም ሲታወቅበት ለዛ ይሆናል።

ሁለተኛው መሣሪያችን መጥበቅና መላላት ነው። «አባቴ አለ» የሚለውን ይውሰዱ። «ለ» ሲላላ አባቴ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ አባቴ በሕይወት አለ ማለት ይሆናል። በጽሑፍ አይለዩም፣ በአፍ ግን ይለያሉ፤ የሚጠብቀው ፊደል ምቱን ጥቂት ይይዘዋል፣ የሚላላው ይለቀዋል። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ራፐር ያንኑ ሐረግ አንድ ጊዜ አላልቶ፣ ሁለተኛ ጊዜ አጥብቆ በመድገም ብቻ ትርጉሙንም ምቱንም በአንዴ ሊያዞረው ይችላል። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ አነጋገር ይህን አይችልም፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ዜማ የሚጠመዝዝ ራፐርም ይህን ሀብት ሳያውቀው ይጥለዋል።

ወጥመድም አለ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚያልቅ «ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይበላል» እያሉ መደርደር ቀላል ነው፤ ላይ ላዩን ሲሰሙት ቤት የመታ ይመስላል። የቡሄ ልጆች እንኳ ከዚህ ይጠነቀቃሉ፤ «ይጨሳል» እና «ይደግሳል» የሚጋጠሙት በ«ል» ብቻ ሳይሆን በ«ሳል» ሙሉ ቀለም ነው። ነባር ገጣሚዎቻችን ግሡን ወደ ፊት አምጥተው ስሙን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህም ጭምር ነው፤ ራፐሮቻችን ከእነርሱ ቢማሩ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ራስን ማወደስም ቢሆን ከውጭ የመጣ አይደለም። ፎካሪ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ምን እንደሠራ ይናገራል፤ በፈረሱ ስምም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ማለት ነው። ኤምሲ የመድረክ ስም ማውጣቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኦሮሞዎች ገረርሳ የሚሉት የጀግንነት ግጥምም የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከምስክሩ ላይ ነው። ፎካሪ የሚናገረው ውሎውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው፤ ያልሠራውን ቢል እዚያው ይዋረዳል። በቪዲዮው ላይ በተከራየው መኪና የሚፎክር ወጣት ያጣው ይህን ምስክር ነው።

በአገራችን ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ብሎ የጉራጌን ጭፈራ ከዘመኑ ምት ጋር ሲያገናኝ ብዙ ሰው የተቀበለው፣ ስሙ ገና ሲጠራ ከየት እንደመጣ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። በስደት ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል። የሲያትሉ ራፐር ገብርኤል ቴዎድሮስ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ በ2012 ከድምፃዊት መክሊት ሐደሮ እና ከራፐሩ በርንትፌስ ጋር «ኮፐርዋየር» በሚል ስም ባወጡት አልበም፣ የተሰደደ ሰው በሁለት አገር መካከል ያለውን ቦታ በኅዋ ጉዞ ታሪክ አድርገው አቀረቡት። በእስራኤል ያደጉ ሁለት የአክስት የአጎት ልጆች በዕብራይስጥ ራፕ ያደርጋሉ፤ የቡድናቸው ስም ግን «ካፌ ሻሆር ሃዛክ» ነው፤ ወፍራም ጥቁር ቡና ማለት ነው። ቋንቋው ዕብራይስጥ ቢሆንም ስሙ የቡና ረከቦት ፊት ያስቀምጠናል።

የቀረውን አንድ ነገር ለማየት ማታ አንድ አዝማሪ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ያንኑ ስንኝ አንሥቶ ያዜመዋል፣ ቀጥሎም ከራሱ ጨምሮ ወደ ሰጪው ይመልሰዋል። ሰም ያለው ወርቅ ካለበት ቤቱ ለቅጽበት ዝም ይላል፤ ከዚያ መጀመሪያ የገባው ሰው ይስቃል፣ ሳቁም እየተቀባበለ እስከ በሩ ይደርሳል። ራፐሮች ፍሪስታይል የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሳይዘጋጁ፣ በሰው ፊት፣ ምቱ ሳይቆም መናገር። አዝማሪው የሚሠራው በስድስት ወይም በአራት ቀለም ሐረግ ነው፣ ማሲንቆውም ምቱን ይይዝለታል። በዚያች ክፍል ጥግ ላይ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ወጣት ራፐር ካለ፣ የአዝማሪውን ስንኝ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት።